ትሪው አልወጣም፣ ሥዕሉ ይዘንባል፦ የሌዘርዲስክ ማጫወቻ ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ሌዘርዲስክ (ፊልም የተቀዳበት፣ በሌዘር የሚነበብ ትልቅ ዲስክ) ማጫወቻ የደረሱን ደብዳቤዎች ተጠራቅመው ነበርና የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለእነሱ ለቀናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የጻፉልን «ሌዘሩ ሞቷል» ብለው ከደመደሙ በኋላ ነው። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ስናይ ግን ሌዘሩ በእርግጥ ያለቀበት መሣሪያ ከስንት አንድ ነው። የቀረው የጎማ፣ የግራሶና የተሰነጠቀ ብየዳ ጣጣ ነው።

ሌዘርዲስክ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1978 አሜሪካ፣ አትላንታ ውስጥ ነው። ዋናው አምራች ፓዮኒር በጃንዋሪ 2009 የመጨረሻዎቹን 3,000 ማጫወቻዎች ሠርቶ እንደሚያቆም አስታወቀ። ዛሬ በእጅ በእጅ የሚሸጡት አብዛኞቹ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ናቸው። በውስጣቸው ያለውን የጎማ ቺንጋ የሠራው ሰው 30 ዓመት ያገለግላል ብሎ አላሰበም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ፓዮኒር ሲኤልዲ-ኤስ201 ከአንድ ቤት ሽያጭ ላይ ገዝቼ ነበር። መብራቱ ይበራል፤ ክፈት ስለው ግን «ዝዝዝ» ብሎ ትሪው ሳይወጣ ይቀራል። በእጄ ሳግዘው አንዳንዴ ይወጣል፣ ሳስገባው ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ያሳየሁት ባለሙያ «ሌዘሩ ነው፣ ጣለው» አለኝ። ልጣለው?

መልስ፦ ኧረ አይጣሉት። ሌዘር ትሪ አይከፍትም። «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ ሞተሩም ይዞራል ማለት ነው። በሞተሩና በጊሮቹ መካከል ያለችው ትንሽ የጎማ ቺንጋ ግን ላልታ ትንሸራተታለች።

ማጫወቻውን ከሶኬት ነቅለው 15 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ከዚያ የጎንና የኋላ ብሎኖችን ፈተው ክዳኑን ያንሱ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ወረቀት ላይ ሥለው እዚያው ላይ ያስቀምጧቸው፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አስገብቶ ቦርድ የበሳ ሰው ጥቂት አይደለም። በባትሪ ሲያበሩ ከትሪው ፊት ለፊት በኩል በሞተሩ ዘንግ ላይ ትንሽ ፑሊ፣ ከእሷ አጠገብ ትልቅ ፑሊ፣ በሁለቱ መካከል ጥቁር ቺንጋ ያያሉ። ትልቁን ፑሊ በጣትዎ ቀስ ብለው ያዙሩ። በአንዱ አቅጣጫ መጀመሪያ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል ይላቀቃል፣ ቀጥሎ ትሪው መውጣት ይጀምራል። ብዙ ዙር ይፈጃልና በኃይል አይጎትቱት።

አዲስ ቺንጋ ለማዘዝ አሮጌውን አይለኩ፤ ላልቷልና ያታልልዎታል። ይልቅ ቺንጋው የሚሄድበትን መንገድ በሁለቱ ፑሊዎች ዙሪያ በክር ይለኩና ከርዝመቱ 5 በመቶ ያህል ይቀንሱ። ክሩ 200 ሚሊሜትር ከሆነ ዙሪያው 190 ሚሊሜትር የሆነ ይፈልጉ። ውፍረቱን ከፑሊው ቦይ ይለኩ፤ ብዙውን ጊዜ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊሜትር ነው። በጣም የጠበበ ቺንጋ የሞተሩን ዘንግ ወደ ጎን ስቦ ማረፊያውን ስለሚበላው «ይጥበቅ» ብለው አያጋንኑ።

አሮጌውን በወረንጦ ያውጡ። እንደ ሬንጅ ቀልጦ ፑሊው ላይ ከተጣበቀ ጓንት ያድርጉ፤ እጅ ላይ ከቀረ ቶሎ አይለቅም። ሁለቱንም ፑሊዎች ቢያንስ 90 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይጥረጉ፤ ጥጡ መጥቆሩን እስኪያቆም ድረስ። አዲሱን ቺንጋ በወዛም ጣት አይንኩት።

ምርመራው ትክክል መሆኑን ከማዘዝዎ በፊት ማረጋገጥ ከፈለጉ አሮጌውን ቺንጋ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በፈላ ውኃ ውስጥ ከትተው አድርቀው ይመልሱት። ትንሽ ይኮማተራል፤ ትሪው ከወጣ ጥፋተኛው ታውቋል። ይህ የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ብቻ ነው የሚሰጠው።

መልሶ የሚተፋበትም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ያው ነው። ትሪው ከገባ በኋላ ዲስኩን አውርዶ መጨበጥ ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ሥራ ስለሆነ የላላው ቺንጋ እዚያ ላይ ይሸነፋል። መጨበጡ ማለቁን የሚናገረው ትንሽ ማብሪያ ሳይነካ ጊዜው ያልፋል፣ መሣሪያውም «የሆነ ነገር አግዶኛል» ብሎ ትሪውን ያወጣዋል። ቺንጋው ተቀይሮም ካልተስተካከለ ማብሪያው ዝጓል። አንድ ጠብታ የኤሌክትሪክ ግንኙነት ማጽጃ ያስገቡና 20 ጊዜ ያህል ይጫኑት።

ክዳኑ ከተነሣ አይቀር ጊሮቹን ይመልከቱ። የፋብሪካው ግራሶ እንደ ደረቀ ማር ቢጫ ሆኖ ካገኙት ሙሉውን ጠርገው ያውጡ፤ በአሮጌው ላይ አዲስ መቀባት አሸዋ ላይ ቅቤ እንደ መቀባት ነው። አዲሱ ፕላስቲክ የማይበላ ሰው ሠራሽ ግራሶ ይሁን፣ መጠኑም በስቴኪኒ ጫፍ የሚያዝ ያህል። ደብሊውዲ-40 የሚባለው የሚረጭ ዘይት እዚህ ቤት አይግባ። ያለውን ግራሶ አጥቦ ቺንጋውን ያሙለጨልጨዋል፤ እርጭቱ ሌንሱ ላይ ካረፈም ሌላ በሽታ ተጨመረ።

ጥያቄ (ከዳላስ፣ ቴክሳስ)፦ የእኔ ማጫወቻ ሲዲ ያለ ችግር ያጫውታል። ሌዘርዲስክ ሲገባ ግን ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ይቆማል። አንዳንዴ ሥዕል ቢመጣም በሥዕሉ ላይ ሰያፍ መስመሮች ወደ ላይ ይንሸራተታሉ። ሌንሱን አጽድቻለሁ። አንድ ጓደኛዬ ቦርዱ ላይ ያሉትን ትናንሽ ማስተካከያዎች በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ አዙራቸው ይለኛል።

መልስ፦ በመጀመሪያ ካቻቢቴውን ያስቀምጡ። እነዚያ ማስተካከያዎች በፋብሪካ የተሞሉት በመለኪያ ዲስክና በኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚያሳይ መለኪያ) ነው። ቦታቸውን ሳይዙ የተዞሩ እንደሆነ አንድ የነበረው ብልሽት አምስት ይሆናል፤ የመጀመሪያው የትኛው እንደነበረም አይታወቅም። ከሁሉ የከፋችው የሌዘሩን ኃይል የምትቆጣጠረው ናት። እሷን ከፍ ሲያደርጓት ሥዕሉ ለጊዜው ይጠራል፣ የሌዘሩን ብርሃን የሚያመነጨው ዳዮድ ግን ይቃጠላል። አዲስ የሚሠራለት ፋብሪካ ስለሌለ ምትኩ ከሌላ የሞተ ማጫወቻ የሚወጣ ብቻ ነው።

ሲዲ ማጫወቱ ጥሩ ዜና ነው፤ ሌዘሩና የማነጣጠሪያው ክፍል በሕይወት አሉ ማለት ነው። ፍጹም ጤነኛ ናቸው ማለት ግን አይደለም፣ ምክንያቱም የሁለቱ ሥራ አይገናኝም። ሲዲ በደቂቃ ከ200 እስከ 500 ዙር ነው የሚዞረው። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የኤንቲኤስሲ (የአሜሪካና የጃፓን የቴሌቪዥን ሥርዓት) ዲስክ ደግሞ ፍጥነቱ በማይለወጠው በሲኤቪ ዓይነቱ በደቂቃ 1,800 ዙር ይዞራል፤ በሲኤልቪ ዓይነቱ ከ1,800 ጀምሮ ወደ ጠርዙ ሲደርስ ወደ 600 ይወርዳል። በ1,800 ዙር የዲስኩ ጠርዝ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው የሚበረው። ዲስኩም ከሲዲ ከአሥር እጥፍ በላይ ይከብዳል። ሲዲን ያለ ችግር የሚያዞር የደከመ ሞተር ወይም የሞተር መንጃ (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ቺፕ) እዚህ ላይ ይለግማል።

ስለዚህ በጆሮ ይጀምሩ። ድምፁ ከፍ እያለ ሄዶ በአንድ ልክ ይጸናል? ወይስ ከፍ ሲል ይንተባተብና ይወርዳል? ከጸና በኋላ ከቆመ ምልክቱን ማንበብ አቅቶታል። ሳይጸና ከወረደ ችግሩ ማዞር ላይ ነው፤ ወደ ቦርዱ ይሂዱ። ሙቀት አስተላላፊ ብረት ላይ የታሰሩትን የሞተር መንጃና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ እግሮች ከቦርዱ ጀርባ በማጉያ መነጽር ይመርምሩ። ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የኖረ ብየዳ በእግሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለች ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል። አሮጌውን ሊድ መጥጠው በአዲስ ይበይዱት። ዲስኩ የሚቀመጥበትን ክብ ጎማና የመሐል መያዣውንም በአልኮል ይጥረጉ፤ ጎማው ከደረቀ ዲስኩ ይንሸራተታል።

የጻፉልን ሰያፍ መስመር ግን ጣቱን ወደ ሌላ ቦታ ይጠቁማል። ሌንሱ ከዲስኩ ጋር ፍጹም ትይዩ ካልሆነ የሚያነበውን ትራክ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ይቀላቅላል። በሲኤልቪ ዲስክ ላይ ይህ ድብልቅ እንደ ፀጉር ቤት ምልክት ዱላ የሚሽከረከር ሰያፍ መስመር ሆኖ ይታያል። ሌንሱን ከተጣመመ ዲስክ ጋር አብሮ የሚያዘነብል ለብቻው ሞተርና ጊር ያለው ክፍል አለ። በሚነሣበት ጊዜ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ የፕላስቲክ ጊሩ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ድምፅ ከሌለ የዚያን ክፍል የደረቀ ግራሶ ይቀይሩ፣ ቀጥሎም ዲስኩ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ሲተኛ ይነሣ እንደሆነ ይዩ። ሁለት ሌሎች ዲስኮች ላይ መስመሩ ከጠፋ ማጫወቻው ንጹሕ ነው።

ሌንሱንም እንደገና ያጽዱት፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አያጠራውም። ጥጡን በአልኮል ነክረው ትርፉን ይጭመቁት፣ የራሱን ክብደት ብቻ አሳርፈው ከመሐል ወደ ጠርዝ ያዙሩ፣ በደረቅ ጥጥ ይጨርሱ። አሴቶን የፕላስቲክ ሌንስ ያጨልማል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ማጫወቻው ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። የዚህ ሌዘር ሞገድ 780 ናኖሜትር ነው፤ ዓይን ስለማያየው ደንግጦ አይጨፈንም። ክዳኑ ተነሥቶ እየሠራ ሳለ ከላይ አያጎንብሱ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ሁሉም ዲስኮቼ 40ኛው ደቂቃ አካባቢ ይቆማሉ። ወደ ፊት ሳሳልፋቸው ይቀጥላሉ።

መልስ፦ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ቢሆን ዲስኩን እንጠረጥር ነበር። ሁሉም በአንድ ቦታ ከቆሙ ሌንሱን የተሸከመው ክፍል የሚሄድበት ሐዲድ ላይ እንቅፋት አለ። ማንበብ የሚጀምረው ከመሐል ነው፣ ወደ ጠርዝ ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ የጠነከረ ግራሶ ሲያገኝ ይጣበቃል። ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአልኮል ይጥረጉ፤ ብረቱን በቀጭኑ በስፌት መኪና ዘይት ያብሱ፤ ጥርሶቹ መካከል የገባውን ቆሻሻ በስቴኪኒ ይልቀሙ። ክፍሉን በእጅ ሲገፉት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቅለት ሊኖረው ይገባል። 40ኛው ደቂቃ ላይ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ገና አልጸዳም።

ጥያቄ (ከሎስ አንጀለስ)፦ ከሠላሳ ምናምን ዲስኮቼ ሦስቱ ሥዕላቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ይዘንባል። ከዓመት ዓመት እየባሰ ነው። ድምፁ ግን ደህና ነው። ማጫወቻው ነው ወይስ ዲስኩ? የሚታጠብስ ከሆነ በምን?

መልስ፦ የቀሩት ዲስኮች ንጹሕ ከሆኑ ማጫወቻው ነፃ ነው። ይህ ሰብሳቢዎች «ሌዘር ሮት» የሚሉት መበስበስ ነው። ስሙ ሌዘሩን ጥፋተኛ ቢያስመስልም ሌዘሩ ምንም አላደረገም። ሌዘርዲስክ ሁለት የአክሪሊክ ዲስኮች ጀርባ ለጀርባ በሙጫ የተጣበቁበት ሲሆን በውስጣቸው ብርሃን የሚመልስ ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን አለ። ሙጫው ንጹሕ ካልነበረ ወይም እርጥበት ከገባ አሉሚኒየሙ ይዝጋል፤ የዛገው ቦታ ብርሃን አይመልስም፤ እያንዳንዱ ጉድለት በሥዕሉ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ይሆናል። በ1990ዎቹ ኢንዲያና፣ ቴሬ ሆት ከሚገኘው የሶኒ ፋብሪካ የወጡ ዲስኮች በዚህ በሽታ በሰብሳቢዎች ዘንድ ስማቸው ጠፍቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዲስኮቪዥን ስም የታተሙትም እንዲሁ።

ድምፁ ደህና የሆነበት ምክንያት ዲጂታል ስለሆነ ነው፤ የጎደለውን ራሱ አስልቶ ይሞላል። የሌዘርዲስክ ሥዕል ግን አናሎግ ነው፣ የጎደለው እንደ ጎደለ ይታያል። ድምፁን ወደ አናሎግ ቢቀይሩት ምናልባት እሱም መንጫጫት ጀምሯል።

መድኃኒት የለውም። ማጠብም አይመልሰውም። ከገዙ ብዙ ያልቆዩ ዲስኮችን መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ላይ እያዩ ቀኑን ሽፋናቸው ላይ ይጻፉ፤ በዓመቱ እንደገና ሲያዩ የትኛው እየሄደ እንደሆነ ያውቃሉ። የሚወዱት ዲስክ ነጠብጣብ ከጀመረ ሳይብስ ወደ ኮምፒውተር ይቅዱት።

መታጠብ የሚገባው የጣት አሻራና አቧራ ያለበት ነው፤ ያ ደግሞ እንደ ጭረት የተዘረጋ ምልክት ነው የሚያሳየው። ለብ ባለ ውኃ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ከመሐል ቀጥታ ወደ ጠርዝ። በክብ አይሹት፤ በትራኩ አቅጣጫ የሚሄድ ጭረት ከተሻጋሪው የበለጠ ይጎዳል። በተጣራ ውኃ አለቅልቀው ወዲያው ያድርቁ። ዲስኩን አይዘፍዝፉ፣ መሐል ያለውን ወረቀትና የጠርዙን መጋጠሚያ ከውኃ ይጠብቁ። ለሌንስ የመከርነውን አልኮልም ዲስክ ላይ አንመክርም፤ ሲዲ ፖሊካርቦኔት ነው፣ ሌዘርዲስክ አክሪሊክ ነው፣ አክሪሊክ ደግሞ በአልኮል ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል። ሲያስቀምጡ እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ያዘመመ ዲስክ ይጣመማል፣ የተጣመመውም ቀደም ሲል ለዳላሱ ጠያቂ የነገርናቸውን ሰያፍ መስመር ያመጣል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እህቴ ከአሜሪካ ስትመለስ ከዕቃዋ ጋር ሌዘርዲስክ ማጫወቻ አመጣችልኝ። ልጆች ሳላያቸው ግድግዳ ላይ ሰኩት፤ «እምም» ብሎ ጸጥ አለ። ተቃጥሏል? ቢሠራስ እዚህ አገር ሥዕል ያወጣል?

መልስ፦ የአሜሪካው ማጫወቻ 120 ቮልት ነው የሚጠብቀው፤ የእኛ 220 ነው። ሁለት እጥፍ የተጠጋ ቮልቴጅ የደረሰበት ትራንስፎርመር ከመጠን በላይ ኃይል ይስባል፤ ከታደሉ ፊውዙ ቀድሞ ይሞታል። «እምም» ብሎ ዝም ማለቱን እንጂ ጭስ ማየትዎን አለመጻፍዎ ተስፋ ይሰጣል።

ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ቴስተሩን በኦም ላይ አድርገው የማጫወቻውን ገመድ መሰኪያ ሁለት ጥርሶች ይለኩ፤ ማብሪያው የተጫነ ይሁን። በአሥሮች የሚቆጠር ኦም ካነበበ የትራንስፎርመሩ መግቢያ በሕይወት አለ። ምንም ካላነበበ ክዳኑን ከፍተው መጀመሪያ ፊውዙን ይለኩ፣ ከዚያ በቀጥታ የትራንስፎርመሩን እግሮች። ብዙ ትራንስፎርመሮች በጥቅላቸው ውስጥ ሙቀት የሚቆርጠው ፊውዝ አላቸው። እሱ ከተቆረጠ በሽቦ አያገናኙት፣ ቤት ያቃጥላል፤ ትራንስፎርመሩ ይቀየራል። ፊውዝ ሲቀይሩም በላዩ የተጻፈውን አምፔርና ዓይነት ይዘው ይሂዱ እንጂ «ይህም ይሆናል» በሚል ከፍ ያለ አይግዙ።

መግቢያው ደህና ሆኖ መሣሪያው ዝም ካለ፣ ፓዮኒር ቦርድ ላይ ሁለት እግር ያላት ትንሽ ትራንዚስተር የምትመስል ዕቃ ይፈልጉ። ፊውዝ ናት፤ «አይሲፒ» የሚል ፊደልና ቁጥር ተጽፎባታል። ጤነኛዋ ዜሮ የተጠጋ ኦም ታነባለች። የሞተችውን በዚያው ቁጥር ይተኩ። ከተተካች በኋላም ወዲያው ከሞተች ከእሷ በኋላ ያለ ነገር ተቃጥሏልና ሌላ ከመግዛት እሱን መፈለግ ይቀድማል።

ከዳነ በኋላ ወደ 110 የሚያወርድ በብረትና በመዳብ ጥቅል የተሠራ ትራንስፎርመር ይግዙ። ከማጫወቻው ጀርባ የተጻፈውን ዋት እጥፍ አድርገው ያስቡ፤ 50 ዋት ከሆነ 100። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላሉ ኮንቨርተር ሞገዱን ቆራርጦ ስለሚልከው ለዚህ አይሆንም። የጃፓን ማጫወቻ ከሆነ 100 ቮልት ነውና 110ም ይበዛበታል። ስለ 50 ሄርትዙ ብዙ አይጨነቁ፤ ዲስኩን የሚያዞረው ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከግድግዳው ሳይሆን ከውስጥ ክሪስታል ነው። ትራንስፎርመሩ ትንሽ ሞቅ ይላል እንጂ። መብራት ሲሄድ ግን ከሶኬት ይንቀሉት፣ ሲመለስም ቮልቴጁ እስኪረጋ 5 ደቂቃ ይጠብቁ።

ሥዕሉ የሚወጣው በኤንቲኤስሲ ነው፣ የአገራችን ቴሌቪዥን ደግሞ የፓል (አውሮፓም የተጠቀመበት የቴሌቪዥን ሥርዓት) ቤተሰብ ነው። አሁን የሚሸጡት ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ሁለቱንም ያነባሉ። ፓል ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል ወይም ያንከባልለዋል፤ ያንን አይተው ማጫወቻውን እንዳይወቅሱ።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ አውሮፓ ውስጥ ሆኜ አንድ ብቻ ብገዛ የቱን ልግዛ? ሁለቱንም ገጽ የሚያዞረው ይሻላል ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ላይስ በየትኛው ገመድ ልሰካው?

መልስ፦ እርስዎ ባሉበት ፓዮኒር ሲኤልዲ-ዲ925 ፓልንም ኤንቲኤስሲንም ስለሚያጫውት ብዙ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው፤ ዋጋውም ያንን ያውቃል። ሁለቱን ገጽ ማዞር ምቾት ነው። ሌንሱን ከዲስኩ በታች ወደ በላይ የሚገለብጠው ዘዴ ግን ተጨማሪ ሐዲድ፣ ጊርና ግራሶ ማለት ነው፤ በጊዜ ብዛት የሚለግመውም እሱ ነው። ዲስክ መገልበጥ ካልከበደዎት ባለ አንድ ገጹ ረጅም ዕድሜና ቀላል ጥገና አለው። በእኛ አስተያየት ለጀማሪ ባለ አንድ ገጹ ይበልጣል፤ ፓል ማንበቡን ግን ጀርባው ላይ ሳያዩ አይክፈሉ።

የአውሮፓ ገዥ የሚስተው አንድ ነገር አለ። የፓል ዲስክ ዲጂታልም አናሎግም ድምፅ በአንድ ላይ አይዝም። ዲጂታል ድምፅ የማያውቅ አሮጌ ማጫወቻ ላይ አዲሱ የፓል ዲስክ ሥዕል ብቻ ያሳያል፤ ድምፅ የለም። የተበላሸ መስሏቸው የመለሱ አሉ።

ሲገዙ ዲስክ ይዘው ይሂዱ። ትሪውን ሦስት ጊዜ ያስከፍቱ፣ ሲኤልቪ ዲስክ አስገብተው እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ይውሰዱት፣ ምክንያቱም ብዙ ማጫወቻ መሐሉን አንብቦ ጠርዙ ላይ ይወድቃል። ባለ ሁለት ገጽ ከሆነ ሁለተኛውንም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳያጠፉ ይተዉትና እንደገና ይክፈቱት፤ የተሰነጠቀ ብየዳ ራሱን የሚያሳየው ሲሞቅ ነው። ሪሞቱ አብሮ መኖሩንም ይጠይቁ፤ አንዳንድ ነገር በሪሞቱ ካልሆነ አይታዘዝም። በፖስታ ከሆነ ሻጩ ዲስክ ውስጥ ትቶ እንዳይልክ በጽሑፍ ያሳስቡት፣ ከታች የመጓጓዣ መቆለፊያ ብሎን ያላቸውም ይቆለፉ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ስለሚሰካው ገመድ የጠየቁትን በአጭሩ፦ ዲስኩ ላይ ያለው ሥዕል ኮምፖዚት ነው፤ ብርሃኑና ቀለሙ በአንድ ምልክት ተቀላቅለዋል ማለት ነው። ኤስ-ቪዲዮ (ሁለቱን ለይቶ የሚወስደው ገመድ) ሲጠቀሙ ቀለሙን የሚለየው የማጫወቻው ማጣሪያ ነው፣ በቢጫው ገመድ ሲጠቀሙ የቴሌቪዥኑ። የትኛው እንደሚሻል የሚነግርዎት ሁለቱን ሰክቶ ማየት ብቻ ነው፤ ኤስ-ቪዲዮ ሁሌ ይበልጣል የሚለው ለዚህ መሣሪያ አይሠራም።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ፓዮኒር ቪፒ-1000 አግኝቻለሁ። ክዳኑን ከፍቼ ሌዘሩን ልመርምር?

መልስ፦ አይክፈቱት። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ይህ ማጫወቻ የሚሠራው በሂሊየም-ኒዮን ጋዝ የተሞላ የመስታወት ቱቦ ነው። ቱቦው ለመለኮስ ብዙ ሺህ ቮልት ይፈልጋል፤ ከሶኬት ተነቅሎም የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ውስጥ ይቆያል። በከፍተኛ ቮልቴጅ ያልሠራ ሰው እጁን የሚያስገባበት ቦታ አይደለም። ቱቦውም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ያረጃል፣ ሂሊየም በመስታወቱ በኩል ቀስ በቀስ ይወጣልና። በዚህ ዕድሜው የደከመ ቱቦ ማግኘት የሚጠበቅ ነው። ለቤት የተሠራው የመጀመሪያው ባለ ዳዮድ ማጫወቻ በ1984 የወጣው የፓዮኒሩ ኤልዲ-700 ነው፤ በየዕለቱ ለማየት ከዚያ ወዲህ ያሉትን ይፈልጉ፣ ቪፒ-1000ን ለታሪኩ ያኑሩት።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ካፓሲተሮቹን በሙሉ ልቀይር? ብዙ ሰው ይህን ይመክራል።

መልስ፦ በሙሉ አይቀይሩ። መቶ የሚጠጋ ካፓሲተር ሲነቀል የሚላጠው የቦርድ መስመር ከሚድነው ይበልጣል። በኃይል ማቅረቢያው ላይ ጭንቅላታቸው ያበጠውን ወይም ከሥራቸው ፈሳሽ ያወጡትን ይቀይሩ። ክዳኑን ሲከፍቱ የዓሣ ጠረን ከሸተተዎት ግን ቦርዱ ላይ በቀጥታ የተበየዱት ትናንሽ ካፓሲተሮች እያፈሰሱ ነው፤ ፈሳሹ መዳቡን ስለሚበላ እነዚያ ነገ ሳይባል ይነሣሉ፣ ቦታውም በአልኮል ይታጠባል። ሲተኩ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የተጻፈበት፤ አሉታዊውን ጎን ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሡት።

ማጫወቻው ጤነኛ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ዲስክ ያጫውቱበት። የቆመ ቺንጋ በፑሊው ቅርጽ ይደርቃል፣ የቆመ ግራሶም ይጋገራል። ሲጨርሱ ዲስኩን አውጥተው ትሪውን ባዶውን ይዝጉት።